በፊርማ የታሸገ ጸበል

አዲስ አበባ ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትፈተሹ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ቀን ጀምሬው ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ተምታታብኝና ተውኩት። ባንክ ስትገቡ ትፈተሻላችሁ። ሆቴል ስትገቡ ትፈተሻላችሁ። የማትገቡበት ሆቴል በር ላይ ቆማችሁ ሰው ስትጠብቁ እንኳ አንዱ መጥቶ ጎናችሁን ዳበስ ዳበስ አድርጎ ይመለሳል። እጅ መዘርጋቱን ከመልመዳችን የተነሳ ሐኪም «እስቲ ተንፍስ» ሲለን እንኳ መጀመሪያ እጃችንን ነው የምንዘረጋው። ፈታሹ የሚፈልገውን ነገር አስቀድሞ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ሲያገኘው ግን ያውቀዋል።

ከፍተሻ ሁሉ የሚደንቀኝ የውሃ ፍተሻ ነው። ውሃ ይዛችሁ ከሆነ ፈታሹ በብዙ ጥያቄ አያደክማችሁም። «ቅመሰው» ይላል። ትቀምሱታላችሁ። ካልወደቃችሁ ትገባላችሁ። ስንቶቻችን ሳይጠማን በየበሩ ውሃ ስንጎነጭ እንደምንውል አስቡት።

እንዲህ ስል ፈታሾችን የማማ እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ራሴ ዘመዳቸው ነኝ። ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የትምህርት ማስረጃ አጣራለሁ። ሰው «ዲግሪዬ ነው» ብሎ ያመጣውን ወረቀት እኔ «አይደለም» ብዬ ነው የምጀምረው። ማኅተሙን በአጉሊ መነጽር አየዋለሁ፣ ፊርማውን ከፊርማ አስተያየዋለሁ፣ ወረቀቱን አሸተዋለሁ። አዎ፣ አሸተዋለሁ፤ ትናንት የታተመ የድሮ ዲግሪ የራሱ ሽታ አለው። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖሬ ማመን የሚባለው ነገር ከእጄ ወጥቷል። የሰርግ ጥሪ ሲደርሰኝ እንኳ መጀመሪያ የምፈልገው ማኅተሙን ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ቤቱ ሲገባ ጠባዩን በር ላይ አውልቆ አይገባም። ባለቤቴ ሮማን ቂርቆስ አካባቢ አስተማሪ ናት። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ ልጅ የለንም። እናቴ በመጣች ቁጥር «ሮማን ሐኪሙ ምን አላት?» ትላለች እንጂ አንድም ቀን «አንተስ?» ብላኝ አታውቅም። እኔም አልተጠየቅሁም ብዬ ቅር አላለኝም። ሮማን ያልታየችበት ሐኪም፣ ያልጠጣችው ጸበል፣ ያልወሰደችው መርፌ የለም። ምንም አልተገኘባትም። ይህ «ምንም አልተገኘም» የሚባለው ነገር ለሌላ ሰው የነጻነት ወረቀት ነው፤ ለእኔ ዓይነቱ ግን በደንብ ተደብቋል ማለት ነው።

ስለዚህ ቦርሳዋን መፈተሽ ጀመርኩ።

አትፍረዱብኝ አልልም፤ ፍረዱብኝ። ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ እከፍተዋለሁ። የምፈልገው የእርግዝና መከላከያ ክኒን ነበር። በድብቅ ትውጣለች ብዬ ጠርጥሬ። ለምን ትውጣለች? እሱን አላሰብኩበትም። የማገኘው ግን ቀይ እስክሪብቶ፣ ያልታረመ ፈተና፣ የጠመኔ ብናኝ፣ አንዳንዴም አንዲት የናና ከረሜላ ነበር። ሮማን ከረሜላ ስትበላ አይቻት አላውቅም። ረስታው ይሆናል እያልኩ ፍተሻው ሲያልቅ ልጬ አፌ ውስጥ እጥለዋለሁ። አንድም ቀን «ከረሜላዬስ?» አላለችኝም። እውነት ለመናገር ይሄም ራሱ ትንሽ አጠራጥሮኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ሐኪም «እስቲ ባልሽን አምጪው» አለቻት። ስትነግረኝ ሳቅኩ። የሳቅኩት ጢሜን እያሻሸሁ ነው። ጢሜ ጠዋት ብላጨው ምሳ ሰዓት ላይ ተመልሶ ይመጣል። ድምጼም ስልክ ላይ የማያውቀኝ ሰው «አቤት ኮሎኔል» የሚለኝ ዓይነት ነው። ይህን ሁሉ ማስረጃ ይዤ ምን ልመረመር? ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስል ከረምኩ። በኋላ ግን ሰውን ሁሉ እየጠረጠርኩ ራሴን ብቻ አምኜ መቀመጤ ለሙያዬም ነውር መስሎ ታየኝና ተደብቄ ተመረመርኩ። ውጤቱ ባዶ ሆነ፤ አንድም የዘር ህዋስ የለም። ላብራቶሪውን ጠረጠርኩና ሌላ ሄድኩ። ባዶ። ሦስተኛው ዘንድ ስሜን ቀይሬ ሄድኩ። በአዲሱ ስሜም ባዶ።

ስታዲየም አጠገብ ክሊኒክ ያለው ሐኪም ነገሩን በቀላሉ አስረዳኝ። ወይ ዘሩ ይመረትና መውጫው ተዘግቷል፣ ወይ ከነጭራሹ አይመረትም። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከዘር ፍሬው ላይ ትንሽ ተቆንጥሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። እኛ ሰፈር ቆለጥ የምንለውን ሐኪሞች የዘር ፍሬ ይሉታል፤ ስሙ ሲያምር ሕመሙ የሚቀንስ ይመስላቸዋል። ለሮማን «ጭኔ ላይ ቡግንጅ ወጥቶብኝ ላስፈርጠው ነው» ብዬ ወጣሁ።

ተቆነጠርኩ። ነርሷ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ነገር ሥጋ እንዳይበሰብስ በሚያደርግ ፎርማሊን በሚባል መርዛማ ፈሳሽ የተሞላ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ጣለችና «የኛ መልእክተኛ ካዛንቺስ ላብራቶሪው ያደርሰዋል» አለችኝ። ወዲያው መልእክተኛው ታየኝ። ከሌሎች ብልቃጦች ጋር በአንድ ፌስታል አንጠልጥሎ፣ መንገድ ላይ ከጓደኛው ጋር ሲያወራ፣ የኔን ከሌላ ሰው ሲያለዋውጥ። «እኔው ራሴ አደርሰዋለሁ» አልኩ። ነርሷ ለመነችኝ፤ እምቢ አልኩ። ወረቀትና ፕላስተር ጠይቄ ወረቀቱን በክዳኑ ላይ አሻግሬ እስከ ብልቃጡ አንገት ለጠፍኩትና ከላይ ፈረምኩበት። ማንም ከከፈተው እንዲታወቅ፣ እኛ ቢሮ ኤንቨሎፕ እንደምናሽገው ማለት ነው። ፊርማዬ ውስጥ ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም የማያውቃት አንዲት ነጥብ አለች። እሷንም አልረሳሁም።

ታክሲ ውስጥ በአንድ ጎኔ ተቀምጬ፣ ብልቃጡን በሁለት እጄ ይዤ ካዛንቺስ ደረስኩ። ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ሁለት ጊዜ አይቶኛል፤ ሦስተኛ ቢያየኝ እወርድ ነበር።

ላብራቶሪው ያለው አንድ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንጻው ደግሞ ፍተሻ አለው። ወንዶቹን የሚፈትሹት ጠና ያሉ፣ ሪዛቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ሁሉንም ነገሬን ዳብሰው ሲያበቁ ብልቃጡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው ወንድሜ?»

«ፈሳሽ ነው።»

«እሱማ ይታየኛል። ቅመሰው።»

እውነቱን ላወራ አፌን ስከፍት ከኋላዬ «ልጄ፣ እንደምን ዋልክ? እናትህ ደህና ናት?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አቶ ተካ ናቸው፤ የእናቴ እድር ጸሐፊ። የሦስት መቶ አባላት ስም በቃላቸው የሚያውቁ፣ የሰፈሩን ወሬ ደግሞ ከነቀኑ የሚያስታውሱ ሰው። እዚህ እውነቱን ብናገር ማታ እናቴ ጆሮ ይደርሳል ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያም ከአፌ የወጣው ይሄ ነው፦

«ጸበል ነው።»

«ጸበል ከሆነማ ምን ያስፈራሃል? ቅመሰው እንጂ» አሉ ፈታሹ። ብልቃጡን አዟዟሩትና ክዳኑን አዩ። «ጸበል በፊርማ ይታሸጋል እንዴ?»

አሥራ ስድስት ዓመት ሐሰተኛ ሰነድ ስይዝ የኖርኩ ሰው፣ በአንድ ጥያቄ ተያዝኩ።

«እንግዲህ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የናንተን የጸበል አሠራር አላውቅም» አሉና በሴቶቹ በኩል ወደምትፈትሸው ልጅ ዞሩ። «ሐና! ነይ እስቲ፣ የናንተን ነገር አንቺ እዪው።»

ሐና መጣች። ብልቃጡን ተቀብላ ሳመችው።

«የት ጸበል ነው ጋሼ?»

«የ... የሩቅ ነው።»

«ውይ፣ በናትዎ ለኔም ትንሽ ጠብ ያርጉልኝ። ይሄ ራስ ምታት ሊገድለኝ ነው፣ ዓይኔን ሁሉ ይዞኛል» አለችና ቆቧን አውልቃ፣ ግንባሯን አዘጋጅታ፣ በጥፍሯ ፕላስተሩን መላጥ ጀመረች።

በዚያች ሰከንድ ያየሁትን ላስረዳችሁ። ክዳኑ ከተከፈተ ፎርማሊኑ ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ብልቃጡ ከወደቀ ደግሞ ያቺ የስንዴ ፍሬ የምታህል ነገር፣ ልጅ ይኖረኝ እንደሆነ የምትነግረኝ አንዲት ምስክር፣ በሰው ሁሉ ጫማ ትረገጣለች።

«አትክፈቺው! መርዝ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ፍተሻ በር ላይ ከማይባሉ ቃላት ሁሉ ዋነኛው ይሄ ነው። ሰልፉ ወደኋላ ሸሸ። አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ ሮጠች። ሐና ብልቃጡን ይዛ ደርቃ ቀረች። ፈታሹ ፊሽካቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚህ በኋላ የሚያድነኝ እውነት ብቻ ነበርና ተናገርኩት፤ በዚያ በኮሎኔል ድምጼ።

«የኔ ሥጋ ነው! ከቆለጤ የተቆረጠ ነው። አራተኛ ፎቅ ላብራቶሪ ላደርሰው ነው። ዘጠኝ ዓመት ልጅ የለንም፤ መውለድ እችል እንደሆነ የሚታወቀው በሱ ብቻ ነው። በናታችሁ እንዳይወድቅ።»

ካዛንቺስ እንዲህ ጸጥ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ሰውዬው ፊሽካውን ከአፋቸው አወጡ። መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና ብልቃጧን ከሐና በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። «የዕቃ መፈተሻው ማሽን ውስጥ አይግባ፣ ጨረር አለው» አሉ ቀስ ብለው። በጎን አዙረው እስከ አሳንሰሩ ተሸክመውልኝ ሄዱ። በሩ ሊዘጋ ሲል «አላህ ያሳካልህ» አሉኝ። አቶ ተካ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬት ያያሉ። አፈርኩ። ከማፈሬም በላይ ግን ፈታሹ ብልቃጧን የያዙበት አያያዝ አንጀቴን በላው።

ውጤቱ እስኪደርስ አሥር ቀን ነበር። አሥሩንም ቀን የጠረጠርኩት አቶ ተካን ነው። እናቴ አትደውልም፤ አለመደወሏ ራሱ ሰምታለች ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። በዘጠነኛው ቀን አላስችል አለኝና ደወልኩ።

«አቶ ተካ የነገሩሽን ሁሉ እንዳታምኚ!»

«ተካ? ተካ ምን ሊነግረኝ ልጄ? ትናንትም እድር ላይ ነበርን፤ ሰላም ብሎኝ ሄደ። ምኑን ነው የማላምነው?»

ሰውዬው ትንፍሽ አላሉም ነበር። ጠርጥሬ ራሴን አጋለጥኩ፤ ከዚያ ወዲያ መደበቁ ዋጋ ስለሌለው ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ «እንዳልከው ከሆነ፣ ለዚያች ልጅ በዘጠኝ ዓመት ያልኳትን ሁሉ ማን መልሶ ያነሳልኛል?» ብላ ስልኩን ዘጋች።

በማግስቱ ላብራቶሪ ሄድኩ። ናሙናዬን የመረመሩት ፓቶሎጂስት መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ትልቅ ሴት ናቸው። ወረቀቱን ሲዘረጉልኝ አልተቀበልኩም።

«የኔ ለመሆኑ በምን አውቃለሁ?»

አልተቆጡም። መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ክዳን አወጡ። ወረቀቱ ተቀድዷል፣ ፊርማው ግን አለ። «በሥራ ዘመኔ እንዲህ ታሽጎ የመጣልኝ ናሙና ይሄ ብቻ ነው። ስንቀበል ካንተው የብልቃጥ ቁጥር ጋር አብረን አስቀመጥነው» አሉ። ከኪሴ የማይጠፋውን አጉሊ መነጽሬን አወጣሁ። ፊርማው የኔ ነው። ነጥቧም ቦታዋ ላይ ናት። በሥራዬ እንዲህ ያለ የማያወላዳ ማስረጃ ገጥሞኝ አያውቅም፤ የመሰከረው ግን በራሴ ላይ ነው።

«ና፣ በዓይንህ እይ» አሉኝ። ማይክሮስኮፑ ለሁለት ሰው የሚያሳይ ነው። መጀመሪያ ለማስተማሪያ ያስቀመጡትን፣ የጤነኛ ሰው የሆነውን አሳዩኝ። ሐምራዊና ሮዝ የሆኑ ክብ ክብ ነገሮች።

«እነዚህ ቱቦዎች ናቸው። ክር ያህል ቀጭን ናቸው፤ ተጠቅልለው ነው እዚያች ቦታ የተቀመጡት። እኛ አግድም ስለቆረጥናቸው ቀለበት መሰሉህ። ግድግዳው ሥር ያሉት እናቶቹ ናቸው። እነሱ ሲከፈሉ ልጆቹ መልካቸውን እየቀየሩ ወደ መሀል ይገፋሉ። ከሁለት ወር በላይ ይፈጅባቸዋል። መሀል ሲደርሱ ጭራ ያወጣሉ፣ አየሃቸው?»

አየኋቸው። ከልብ ቀናሁባቸው።

«እነዚህ ረጃጅሞቹ ደግሞ ሞግዚቶቹ ናቸው። ልጆቹን አቅፈው የሚመግቡ እነሱ ናቸው። ጎን ለጎን ተያይዘው አጥር ይሠራሉ፤ ከደም በኩል የመጣ ሁሉ ዝም ብሎ አይገባም።»

«ፍተሻ አለው በሉኛ!»

«አለው። ለምን መሰለህ? የሰውነት ወታደሮች የራሳቸውን ከባዕድ መለየት የሚማሩት በሕፃንነት ነው። ዘሩ ደግሞ የሚመጣው ጢም ሲመጣ ነው፤ አያውቁትም። ቢያገኙት ባዕድ ነው ብለው ይፈጁታል። ለዚህ ነው ተከልሎ የሚያድገው።»

ለካስ ሰው ገና ሳይፀነስ የገዛ አባቱ ደም ይጠረጥረዋል። ጥርጣሬ የኔ የግሌ ክፋት ብቻ አለመሆኑን ሰምቼ ለአፍታ ተጽናናሁ። ከዚያ የኔን አስገቡት።

ቱቦዎቹ አሉ። ሞግዚቶቹም ግጥም ብለው ቆመዋል። እናቶቹ ግን የሉም፣ ልጆቹም የሉም፤ መሀሉ ኦና ነው። እዚሁ ካዛንቺስ ቤቱ ሁሉ ከፈረሰ በኋላ በቆርቆሮ የታጠረውን ባዶ ቦታ አይታችሁት ይሆናል፤ በሩ ላይ ጥበቃ ተቀምጦ «መግባት ክልክል ነው» ይላል። የኔም እንደዚያ ነው። ከአጥርና ከጠባቂ በቀር ምንም የለም።

«ዶክተር፣ ጢሜስ?» አልኩ።

ጠቋሚውን በቱቦዎቹ መካከል ወዳሉት ሰብሰብ ያሉ ህዋሶች ወሰዱት። «ጢምህንም ድምፅህንም የሚሠሩት እነዚህ ናቸው። ደህና ናቸው፣ ሥራቸውን አልበደሉም። የሚኖሩት ግን ከአጥሩ ውጭ ነው፤ ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር የሚያውቁት ነገር የለም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ማስረጃ ብዬ ያሻሸሁት ጢም ይሄ ነው። ሐሰተኛ ሰነድ አልነበረም፤ የሌላ ጉዳይ ሰነድ ነው።

ቤት ስገባ ሮማን ጠረጴዛው ላይ ፈተና ታርማለች። በሩን ዘግቼ መሀል ቤት ቆምኩና እጄን ዘረጋሁ።

«ምን ሆነሃል?»

«ፈትሺኝ።»

ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ተነሳች። ከኮቴ ኪስ የላብራቶሪውን ኤንቨሎፕ አወጣችና አነበበችው። ያልገባትን እኔ ነገርኳት፤ ቡግንጅ የተባለውን፣ ሦስቱን ላብራቶሪ፣ በፊርማ የታሸገውን ጸበል፣ የታጠረውን ባዶ ቦታ። እጄ እንደተዘረጋ ነው የነገርኳት። «ጥፋቱ የኔ ነበር» ብዬ ጨረስኩ።

«ሕመም ጥፋት አይደለም» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ጥፋትህ ሌላ ነው።»

ሄዳ ቦርሳዋን አመጣችና በተዘረጋው እጄ ላይ አንጠለጠለችው።

«ዛሬ አልፈተሽከውም።»

«ታውቂ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ዚፑን እስከ ጫፍ ትዘጋዋለህ፤ እኔ እስከ ጫፍ ዘግቼ አላውቅም።»

አሥራ ስድስት ዓመት የሰው ማኅተም በአጉሊ መነጽር ያየሁ ሰው፣ በዚፕ ተያዝኩ። «ከረሜላውስ?» አልኩ፤ ድምጼ የኮሎኔል አልነበረም።

«እኔ ከረሜላ አልወድም። ለፈታሹ ነው የማስቀምጠው። ልጣጩንም እዚያው ትተውልኛለህ። አንድ ቀን 'ሮማን፣ ይሄ ከረሜላ የማን ነው?' ትለኛለህ፣ ያኔ ሁሉንም እናወራለን ብዬ ነበር። በቃ፣ ስጠብቅ ይኸው ስንት ዓመት ሆነኝ።»

ከቦርሳው ውስጥ አንዲት የናና ከረሜላ አውጥታ ላጠችና ወደ አፌ አስጠጋችው።

«ቅመሰው» አለች።

ቀመስኩት። ከየት እንደምትገዛው ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጠባይ ነው፣ ምን ይደረግ። ደግነቱ አፌን ከረሜላው ይዞልኛል።